ሦስተኛው እምቢታ

ባለፈው መስከረም ለጡረታዬ አንድ ወረቀት ለማስፈረም ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ሄጄ ነበር። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከሽንኩርት ማሳዎቹ ዳር ያለ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነው፤ ስሙ ይቆየኝ። ጠረጴዛዬ ከቦታው አልተነሳም። የጣሪያው ማራገቢያም እንደ ድሮው ሲዞር ይንቋቋል። በእኔ ቦታ የተቀመጠችው ልጅ ትሁት ናት፤ ወንበሯን ለቃልኝ ኮምፒውተሯን አሳየችኝ።

«እትዬ ብዙነሽ፣ አሁን እኮ ሥራው ቀለለ» አለችኝ። «ጥያቄው ለተማሪው በስልኩ ይደርሰዋል። ‘እፈልጋለሁ’ ወይም ‘አልፈልግም’ የሚለውን ይጫናል። አለቀ።»

«አልፈልግም ያለውስ?»

«አልፈልግም ያለውማ አልፈለገም!»

ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩና ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። ግን ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ከግቢው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ ቆየሁ። ይህን ለመጻፍ ያሰብኩት እዚያ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በታይፒስትነት ነው የተቀጠርኩት። ደሞዙ የታይፒስት ነበር፤ ስወጣም ከዚያ ብዙ አልራቀም። የጽሕፈት መኪናዎቹ ወደ ዕቃ ቤት ሲገቡ እኔም አብሬ እገባለሁ ብዬ ነበር። የሥልጠና ክፍል ኃላፊው ጋሼ ተሰማ ግን «ይህች ሴት ማድመጥ ትችላለች» ብለው ወደ ራሳቸው ክፍል ወሰዱኝ።

ወደ ጣቢያችን ከየዩኒቨርሲቲው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ለምርምር ይመጣሉ። ማሳ ይሰጣቸዋል፤ ይዘራሉ፣ ይለካሉ፣ ጽፈው ይመረቃሉ። ነገር ግን ዲግሪው ብቻውን ባለሙያ አያደርግም። ሰው ፊት ቆሞ ሥራን ማስረዳት፣ ለመጽሔት የሚበቃ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ እዚህ የሌለ መሣሪያ ወዳለበት ቤተ ሙከራ ሄዶ እጅን ማፍታታት፣ እነዚህ በክፍል ውስጥ የሚገኙ አይደሉም። ለዚህ የሚሆን ድጋፍ ነበረን። ጉዞውን፣ ማደሪያውን፣ የመመዝገቢያውን ይችላል። በደብዳቤ ላይ «የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሙያ ማሻሻያ ድጋፍ» ይባል ነበር፤ በግቢው ውስጥ ግን ሁሉም «የመንገዱ ገንዘብ» ነበር የሚለው።

ጋሼ ተሰማ የማጀቴ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ለፀሐይ ጃንጥላ የማይለያቸው፣ ተማሪ ሲያናግሩ ከወንበራቸው የሚነሱ ሰው ነበሩ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አጠያየቃቸው ነበር። አንድ ተማሪ ለሥልጠና ሲታጭ ሦስት ጊዜ ይጠይቁታል። መጀመሪያ ቢሮ ውስጥ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። ቀጥሎ ከግቢው በር ውጭ ባለችው ሻይ ቤት፣ በሌላ ጨዋታ መሐል። በመጨረሻ ተማሪው የሚያከብረውን ሰው ይልካሉ። እኔ አዲስ ስለነበርኩ ሥራ የሚያጓትቱ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ልጁ እኮ አልሄድም ብሏል» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አንቺ ሰው ቤት ገብተሽ ‘ብዪ’ ሲሉሽ ወዲያው እጅሽን ትታጠቢያለሽ?»

«ኧረ እኔ አሳዳጊ የበደለኝ ነኝ?»

«እንግዲያው! ይህም ማዕድ ነው። የመጀመሪያው እምቢታ የእናቱ ነው፤ እንደዚያ ብላ ነው ያሳደገችው። ሁለተኛው የጎረቤቱ ነው፤ ‘ተስገበገበ’ እንዳይሉት። የራሱ ሦስተኛው ነው። እሱን ሳትሰሚ መዝገቡን አትዝጊ።»

በእኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ቆላም ሆነ ደጋ፣ እስላምም ሆነ ክርስቲያን፣ ደህና ልጅ በመጀመሪያው ጥሪ አይቀርብም። «በሞቴ» እስኪባል ይቆያል። ጋሼ ተሰማ ያደረጉት ነገር ቢኖር ይህን ወደ ቢሮ ማስገባታቸው ነው።

አስራት የሚባል ከጣርማ በር የመጣ ተማሪ ነበር። የደጋ ልጅ ስለሆነ ሹራቡን እስኪያወልቅ ድረስ በሙቀታችን ብዙ ተሰቃይቷል። ሥራውን አዲስ አበባ በሚደረግ ጉባኤ ላይ እንዲያቀርብ ታጨ። ቢሮ ውስጥ «ሌላ ሰው ይሂድ» አለ። ሻይ ቤት «ማሳዬ አረም በላው» አለ። ሦስተኛዋ ተላኪ እኔ ነበርኩ።

«ወንድሜ፣ በሞቴ እውነቱን ንገረኝ።»

አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ ማይክ ይዤ አላውቅም። የራሴን ድምፅ ስሰማው የምለው ይጠፋብኛል።»

ለጋሼ ተሰማ ነገርኳቸው። በገበያ ቀን ልጁን ይዘው የትኋን መድኃኒት በድምፅ ማጉያ ወደሚሸጠው ነጋዴ ዘንድ ሄዱ።

«ለዚህ ልጅ ማጉያህን ላፍታ ታውሰዋለህ? ላንተ ይለፍፍልህ።»

«ዶክተር ነው እንዴ?» አለ ሰውዬው።

«ገና ነው።»

«ታዲያ ከትኋን ይጀምራ!»

አስራት ማጉያውን ተቀብሎ «ትኋን፣ ቁንጫ፣ በረሮ» አለ፤ ከራሱ ጋር የሚያወራ ነው የሚመስለው። አጠገቡ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት «ኧረ ጮክ በል አንተ፣ ትኋኑ እንዳይቀሰቀስ ነው?» አለችው። ገበያው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ወጣ። ሻጩ ቀኑን ሙሉ ሊለቀው አልፈለገም። ከአዲስ አበባ ሲመለስ «አዳራሹ ከሮቢት ገበያ ይቀላል፤ ማንም አልሰደበኝም» አለን።

ቀሪውን ሥራ ከዚህ ተማርኩ። ማመልከቻ ላይ «ለዕውቀቴ ይጠቅመኛል» ብቻ ብሎ የጻፈ ገና አላሰበበትም፤ «ይህን መሣሪያ መጠቀም አላውቅም፣ ዘሬ ደግሞ እየጠበቀኝ ነው» ያለ የሚሄድበትን ያውቃል። ሥልጠና በረመዳን፣ በፍልሰታ ወይም በአጨዳ ወቅት አይቀጠርም። ሴት ልጅ ስትላክ ከአውቶቡስ ማን እንደሚቀበላት፣ ከማን ጋር እንደምታድር፣ የት እንደምትሰግድ ወይም እንደምታስቀድስ አስቀድሞ ይጠየቃል። አባቷ «የት አደረች?» ሲል «ሆቴል» ማለት መልስ አይሆንም። ገንዘቡ መገኘቱ የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አልነበረም።

ጋሼ ተሰማ ጡረታ ወጥተው ማጀቴ ሲገቡ በቦታቸው አቶ ዳዊት መጡ። ወጣት፣ ትጉህ፣ ለራሳቸው አንዳች ነገር ወስደው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ሲመጡ የጠበቃቸው አቤቱታ ነበር፤ «ለአንዳንዱ ሦስት ጊዜ ይለመናል፣ ለአንዳንዱ አንዴ» የሚል። እውነትም ነበረበት፤ ጋሼ ተሰማ ወዲያው «እሺ» ያለን ሁለተኛ አይጠይቁም ነበር። አቶ ዳዊት ሰበሰቡንና «ከእንግዲህ ሁሉም እኩል ይጠየቃል። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ» አሉ። ክፉ ሕግ አልነበረም።

ሐያት የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ከቀወት ቆላ የአርጎባ ቤተሰብ ልጅ ናት። ከመንደሯ ሁለተኛ ዲግሪ የጀመረች ሴት ከእሷ በፊት አልነበረችም። የምታጠናው ማሾን ከነቀዝ ስለማዳን ነበር። የቆላው ሰው ማሾውን አምርቶ ዋጋ እስኪወጣ ያስቀምጣል፤ ነቀዝ ደግሞ ዋጋ አይጠብቅም። እሷ የኒም ቅጠል ጥላ ሥር አድርቃ፣ ወቅጣ፣ በከረጢቶች ውስጥ ከማሾው ጋር እየደባለቀች ትፈትሽ ነበር። ነቀዙ እየራቀ ነው። የቀረው በቅጠሉ ውስጥ የሚያባርረው ምን እንደሆነ፣ ማሾውን የሚበላውን ሰውም እንደማይጎዳ ማረጋገጥ ነበር። የዚያ መሣሪያ እኛ ዘንድ የለም። ያለ እሱ ጽሑፏ አያልቅም። ካለቀ ግን ጣቢያው በረዳት ተመራማሪነት ሊያስቀራት አስቦ ነበር።

ናይሮቢ ለአንድ ተማሪ የሚሆን የቤተ ሙከራ ሥልጠና ተገኘ። ማመልከቻዋ አንደኛ ወጣ። አቶ ዳዊት አስጠሯት። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው በር ክፍት ስለነበር ሁሉንም አየሁ።

«ሐያት፣ የናይሮቢው ሥልጠና ለአንቺ ደርሷል። ትሄጃለሽ?»

ሻርፗን አስተካከለች። «ኧረ እኔ ምን አውቄ። ከእኔ የሚሻሉ አሉ፣ ለእነሱ ይሁን።»

«ጥሩ። በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ።»

አቶ ዳዊት ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ሐያት ደጃፉ ላይ ደርሳ ቆመች። የበሩን እጀታ ይዛ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ሄደች።

ተነስቼ ገባሁ። «አቶ ዳዊት፣ ይህ እኮ እምቢታ አይደለም።»

«ምን አለች ታዲያ?»

«ለሌላ ይሁን አለች።»

«እንግዲህ!»

«ደግመው ይጠይቋት።»

«እትዬ ብዙነሽ፣ እሷን ሁለቴ ከጠየቅኩ ሌሎቹን ስንት ጊዜ ልጠይቅ ነው? ነገ ያው አቤቱታ ይመጣል።» ካለሁበት አልነቃነቅ ስል ለዘብ አሉ። «እርስዎ ይጠይቋት ካሉ ይጠይቋት። እስከ ነገ ማታ ስም አልልክም።»

ሐያት ግን ወደ መንደሯ ወጥታለች። በዚያ ሰሞን በቆላው ኔትወርክ አልነበረም። በማግስቱ ባጃጅ እስከሚደርስበት ሄጄ ቀሪውን በእግሬ ገባሁ። እናቷ ዘሐራ ደጃፏ ላይ ማሾ ታበጥራለች። ሐያት ከጎተራው አጠገብ ከረጢቶቿን ታገላብጣለች።

«ወይኔ እትዬ ብዙነሽ! በዚህ ሐሩር በእግርዎ? በደህና ነው?» አለች ዘሐራ ሰፌዱን አስቀምጣ።

«በደህና ነው። ሐያትን የናይሮቢውን ልጠይቃት ነው የመጣሁ።»

«ትናንት ለአቶ ዳዊት ነግሬያቸው የለም እንዴ» አለች ሐያት።

«እሱን ሰምቻለሁ። እኔ ግን ገና አልጠየቅኩሽም። ትሄጃለሽ?»

ሐያት ወደ እናቷ አየች። ዘሐራ በእሷ ፈንታ መለሰች። «ሰው አገር ማን ያውቃታል? ሰውስ ምን ይላል፣ እትዬ?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። የሴቶች ማደሪያ እንዳለ፣ ከቤተ ሙከራው ግቢ እንደማትወጣ፣ መስጊዱም ቅርብ እንደሆነ አስቀድሜ ጠይቄ አውቄ ስለነበር አስረዳኋት። ዘሐራ እያዳመጠች ማሾውን በእጇ ታንከባልላለች። ስጨርስ ወደ ልጅቱ ዞርኩ።

«ሐያት፣ እናትሽንም ሰማሁ፣ ጎረቤትሽንም ሰማሁ። አሁን አንቺን ነው። በሞቴ፣ ትፈልጊያለሽ?»

ከሰፌዱ አንዲት ፍሬ አንስታ ወደ ብርሃን ያዘቻት። «እትዬ፣ ትናንት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ይጠሩኛል ብዬ።»

«አይቼሻለሁ።»

«እሄዳለሁ።»

«ኢንሻአላህ በይ እንጂ አንቺ!» አለች ዘሐራ።

«ኢንሻአላህ፣ እሄዳለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ጥርሷን አየሁ።

ጣቢያው ስደርስ ፀሐይ አዘንብላለች። አቶ ዳዊት በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ገና ሳይናገሩ ከአቋቋማቸው አወቅኩት። ገንዘቡን የሚሰጡት ረጂዎች ጠዋት ደውለዋል። ስሙ እኩለ ቀን ሳይሞላ እንዲደርሳቸው፣ ያለዚያ ቦታውን ለሌላ አገር እንደሚሰጡ ነግረዋቸዋል።

«ደጋግሜ ደወልኩልዎ።»

«አውቃለሁ። አይሠራም።»

«ሁለተኛ የወጣውን ጠየቅኩት፣ እሺ አለ። ምን ላድርግ?»

«እሷም እሺ ብላለች» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። ገብተው ደወሉ። ብዙ አስረዱ፤ ለመኑም። ስልኩን ሲያስቀምጡ «ልጁ ተመዝግቧል አሉኝ» አሉ።

በማግስቱ ሐያት ረፋድ ላይ መጣች። ከተማ ገብታ ለፓስፖርት የሚሆን ጉርድ ፎቶ ተነስታ ነበር። ፎቶዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ገልብጣ አስቀመጠች፤ መልኳን ለማሳየት አፍራ። ነገርኳት። እየሰማችኝ ሻርፗን ታስተካክል ነበር።

«ማን ሄደ?»

«ሁለተኛ የወጣው፣ የደብረ ብርሃኑ ልጅ።»

«ጎበዝ ነው። ይገባዋል።» ፎቶዎቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ። ቶሎ አልመለስኩም።»

«አብሽሪ» አልኳት፤ «አይዞሽ» ለማለት የእነሱን ቃል ተዋስኩ።

ሰንብቼ ማጀቴ ጋሼ ተሰማን ልጠይቅ ሄድኩ። ታመው አልጋ ይዘዋል። ስለ ሥራ ሲጠይቁኝ ልደብቃቸው አልቻልኩም።

«ስንት ጊዜ ጠየቃችኋት?»

«በሕጉ አንዴ። እኔ መንደሯ ሄጄ ሦስተኛውን ስጠይቅ ረፍዶ ነበር።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ልነሳ ስል «መንደሯ ድረስ ሄድሽ?» አሉ።

«ሄድኩ።»

«ጥሩ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም።

አቶ ዳዊት ሐያትን ለተከታዩ ዓመት በራሳቸው እጅ አጯት። ስትጠየቅ ወዲያው «እሺ» አለች፤ አንዴም አልተግደረደረችም። ሆኖም በዚያ ዓመት መንገዱ ተዘጋ። ያንን ጊዜ የአካባቢው ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው አልደግመውም። ድጋፉ ቆመ፣ ተማሪዎቹ ተበተኑ፣ የሐያት ከረጢቶች መጋዘን ውስጥ ቀሩ። ሰላም ሲሆንና ድጋፉ ሲመለስ የእሷ የትምህርት ጊዜ አልፎ ነበር። አባቷም በመሐሉ ሞተዋል፤ ታናናሾቿ በእሷ ላይ ወደቁ። ያን ጉርድ ፎቶ ለፓስፖርት አዋለችው። የሄደችው ግን ጂዳ ነው፤ ለቤት ሠራተኛነት።

አቶ ዳዊት ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ ሊሰናበቱኝ መጡ። «እትዬ፣ ያንን ሕግ ለፍትሕ ብዬ ነበር ያወጣሁት» አሉኝ። «አውቃለሁ» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ከሐያት በኋላ እሳቸውም ከወንበራቸው ተነስተው መጠየቅ ጀምረው ነበር፤ አንዳንዴም ተማሪውን ሻይ ቤት ድረስ ይዘውት ይወጡ ነበር። አላስታወስኳቸውም፤ ራሳቸው ያውቁታል።

ጡረታ ልወጣ ስል ሐያት በኢሞ ደወለችልኝ። ፊቷ ከስቷል፤ ሻርፗን ግን እንደ ድሮው ታስተካክላለች።

«ሥራው እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ። ቤቱ ትልቅ ነው፣ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም።» ከዚያ ሳቅ አለች። «እትዬ፣ የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ‘ብዪ’ አሉኝ። ‘በቃኝ’ አልኩ። ሳህኑን አነሱት!»

እሷ ትስቅ ነበር። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

«አሁን ለመድሽ?»

«አሁንማ በመጀመሪያው ነው የምቀርበው።»

ባለፈው ኅዳር ዘሐራ ቤቴ መጣች። ማሾ በትንሽ ጆንያ ይዛለች። ካለፈው ጊዜ ይልቅ ጎብጣለች። ጆንያውን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

«የአምናው ነው። ሐያት እንዳስተማረችኝ በኒም ቅጠል ነው ያቆየሁት። ይውሰዱ፣ እትዬ።»

«ኧረ ለምን ተቸገርሽ፣ ለልጆቹ ይሁን» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የተናገርኩት ነው፤ እናቴ ያስተማረችኝም እሱን ነው። የዘሐራን እጆች አየሁ።

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» አልኩና ተቀበልኳት።

ደንገጥ ብላ አየችኝ። «አንዴ ብቻ እኮ ነው ያልኩዎ።»

«ሰማሁ።»

ዘሐራ ጎኔ ተቀመጠች። ማሾውን ሰፌድ ላይ አፈሰስነውና ነቀዝ የበሳው ፍሬ እንዳለ በጣታችን እየገለጥን አየን። አንድም አልነበረም።